ጸጋዬን ለመፈለግ ሥልጠና አንወስድም!

በር ላይ ‹‹ሳብ›› ወይም ‹‹ግፋ›› የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ጥፋቱ የሚገባው ሰው አይደለም፤ የበሩ ነው። ይህን መጀመሪያ ያልነው እኛ አይደለንም። አሜሪካዊው ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው ክርክር ነው። በር የሚገፋ ወይም የሚሳብ ነገር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም። እጀታው ራሱ ‹‹ሳበኝ›› ማለት ካቃተውና ወረቀት ካስፈለገው፣ ያቺ ወረቀት ባለ አንድ ቃል የአጠቃቀም መመሪያ ናት። ለበር መመሪያ መጻፍ ደግሞ በሩ በደንብ እንዳልተሠራ ማመን ነው።

እስቲ ይህን ክርክር ከበሩ ነቅለን ወደ ስልካችን እናምጣው። ድረ ገጾች አናት ላይ የምትቀመጥ፣ አጉሊ መነጽር የተሳለባት ትንሽ ሳጥን አለች፤ የፍለጋ ሳጥን። ሥራዋ አንድ ነው። ‹‹የምትፈልገውን ጻፍ፣ እኔ አመጣልሃለሁ›› ትላለች። ታዲያ ይህቺ ሳጥን ከጎኗ ‹‹እንዴት እንደሚፈለግ ለማወቅ መመሪያውን ያንብቡ›› የሚል ማስታወሻ ያስፈልጋታል? የዛሬው ጭቅጭቃችን ይኸው ነው። የእኛ መልስ አጭር ነው፤ አያስፈልጋትም። ካስፈለጋት ገና ተሠርታ አላለቀችም ማለት ነው። የቀረውን ሥራ የተሸከምነው እኛ ነን፣ ያውም ያለ ደመወዝ።

‹‹ይህም ጉዳይ ሆኖ ይጻፍበታል?›› የሚል አይጠፋም። ይታገሠን። ነገሩ በእንግሊዝኛ ለሚፈልግ ሰው ጉዳይ ላይሆን ይችላል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሚፈልግ፣ አምቦና ግንጪ፣ ጌዶና ባኮ ላለ ወጣት ግን ጉዳይ ነው። ለምን እንደሆነ በስም እናሳያለን።

24 ጸጋዬዎች

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ በምትባል ስፍራ ነው። አምቦ ውስጥ ስሙን ያልሰማ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ግን ሁለት ተማሪዎች ላይስማሙ ይችላሉ። እስቲ አብረን እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል ‹‹ጸ›› ወይም ‹‹ፀ›› ሊሆን ይችላል፤ ሁለት። የስሙ መጨረሻ ‹‹ዬ›› ወይም ‹‹የ›› ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት። ‹‹ገብረ መድኅን›› ተለያይቶም ተያይዞም ይጻፋል፤ ስምንት። ‹‹መድኅን›› ደግሞ በ‹‹ኅ››፣ በ‹‹ሕ›› ወይም በ‹‹ህ›› ይጻፋል፤ ስምንት ጊዜ ሦስት፣ 24። አንድ ሰው፣ 24 አጻጻፍ!

ሰው ሆኖ የሚያነብ ሁሉ ከእነዚህ ማንኛውንም ቢያይ ‹‹ሎሬቱ ነው›› ብሎ ያልፋል። ያልተሠራች የፍለጋ ሳጥን ግን 24 የማይተዋወቁ ሰዎች አድርጋ ትቆጥራቸዋለች። በ‹‹ፀ›› ከፈለጋችሁት በ‹‹ጸ›› የተጻፈውን አታመጣም። ‹‹ምንም ውጤት አልተገኘም›› ትላለች። ተማሪውም ያምናታል። ስለ አምቦ ልጅ የተጻፈ ነገር የለም ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

አሁን ደግሞ ከተማዋን ራሷን እንፈልጋት። አምቦ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። የዚያን ዘመን ደብዳቤ፣ ካርታ ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት የሚፈልግ ሰው ‹‹አምቦ›› ብሎ ብቻ ቢጽፍ ብዙ ያመልጠዋል። ‹‹ሀገረ ሕይወት››ስ ቢል? መጀመሪያው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ‹‹አገር›› ለሚል ሰው አ ሊሆን ይችላል፤ አምስት። ‹‹ሕይወት›› በሦስቱም ‹‹ህ›› ይጻፋል፤ 15። ተያይዞና ተለያይቶ ሲሆን 30። አንድ ከተማ 30 ጊዜ መፈለግ አለበት ማለት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉት ይህን ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላሟ በትክክል ውላለች፣ ኩበቱም አለ፣ የጠፋው የሚያሳየን ነው።

ችግሩ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ‹‹ሀ›› 1200፣ ‹‹ሐ›› 1210፣ ‹‹ኀ›› 1280 የሚል ቁጥር ተሰጣቸው። ይህ ትክክል ነው፤ ሦስት ቅርጽ ሦስት ቁጥር ይገባዋል። ለኮምፒውተሩ ግን 1200 እና 1280 በ‹‹ለ›› እና በ‹‹መ›› መካከል ካለው ልዩነት የተለየ ነገር የላቸውም። በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ማንም ካልነገረው በራሱ አያውቅም። መንገር ደግሞ የሠሪው ሥራ ነው፣ የፈላጊው አይደለም።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛውን ሳጥን አስተውሉ። የእንግሊዝኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው። ኮምፒውተር ውስጥ ትልቁና ትንሹ ለየብቻ ቁጥር አላቸው፤ ልክ እንደ ‹‹ሀ›› እና ‹‹ሐ››። ሆኖም ‹‹እባክዎን የአገር ስም ሲፈልጉ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ያድርጉ›› የሚል የፍለጋ መመሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አላየንም። ሠሪዎቹ ገና ከመጀመሪያው ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚፈልጉ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀምር ባዶ ነጭ ገጽ ላይ አንድ ሳጥን አስቀምጦ ነው የመጣው። ዓለም ያለ ሥልጠና ተጠቀመበት። የእንግሊዝኛ ተጠቃሚ ከእኛ የበለጠ ብልህ ስለሆነ አልነበረም፤ ሥራው አስቀድሞ ስለተሠራለት ነው። ለእንግሊዝኛ ‹‹ግዴታ›› የሆነው ለአማርኛ ‹‹ወደፊት የሚታሰብበት›› የሚሆነው ለምንድን ነው?

አምቦ፣ የአምቦ፣ ከአምቦ

ፊደሉን እንኳ በትክክል መታነው እንበል። አማርኛ ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ፊትም ኋላም ይለጠፍበታል። የአምቦ፣ ከአምቦ፣ በአምቦ፣ ለአምቦ፣ አምቦን፣ አምቦም፣ አንዳንዴም ካምቦ። ቃላትን በክፍት ቦታ ብቻ የሚለይ ፍለጋ ‹‹አምቦ›› ሲባል ‹‹አምቦ››ን ብቻ ያመጣል። ‹‹የአምቦ ወጣቶች›› የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ከፊቱ ተቀምጦ ‹‹የለም›› ይላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው ይህ ትልቅ ሥራ ስሙ ‹‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት›› ነው። ልብ በሉ፤ ‹‹አዲስ›› ሳይሆን ‹‹ዐዲስ››፣ ‹‹የአማርኛ›› ሳይሆን ‹‹ያማርኛ››። የዛሬ ወጣት ‹‹አዲስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት›› ብሎ ቢፈልግ ከመጽሐፉ ስም ሁለት ቃል ስቷል። ይህ ወጣት ተሳስቷል እንበለው? አልተሳሰተም። የሰማውን፣ የሚናገረውንና ትምህርት ቤት የተማረውን ነው የጻፈው።

ቃልን ከቅጥያው ለይቶ መፈለግ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ነጋ ዓለማየሁ እና ፒተር ዊሌት የአማርኛ ቃላትን ለመረጃ ፍለጋ ወደ ግንዳቸው ስለመመለስ ጥናታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። ስለዚህ ‹‹ቴክኖሎጂው ገና ነው›› የሚለውን ምክንያት ለሌላ ሰው ይንገሩልን።

ምዕራብ ሸዋ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው። እዚህ ሰው በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል ይኖራል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ይጻፋል። በቁቤ ‹‹አምቦ›› መጨረሻው ላይ አናባቢው ይደገማል፤ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ብቻ ነው። ዞኑ በአማርኛ ምዕራብ ሸዋ፣ በአፋን ኦሮሞ ሸዋ ሊጣ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ ‹‹ሸዋ›› የሚለው ብቻውን ሁለት ሦስት አጻጻፍ አለው። ግንጪ በአማርኛም ‹‹ጊንጪ›› እየተባለ ይጻፋል። ጫላ የሚባል ልጅ ስሙ በቁቤ ሲጻፍ በ‹‹ሲ›› ይጀምራል፤ ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ላይ በእንግሊዝኛው ልማድ ሲጻፍ ‹‹ሲ›› ላይ ‹‹ኤች›› ይጨመርበታል። ሁዻ የምትባለው የቁቤ ጭረት ስልክ ላይ አንዴ ቀጥ ብላ፣ አንዴ ጎንበስ ብላ ትጻፋለች፤ ለዓይን አንድ ናት፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። ለፈላጊው የቱን እንደጻፈ ማወቅ አይቻለውም፤ የስልኩ ሰሌዳ ነው የመረጠለት። ታዲያ ይህን ሁሉ በመመሪያ እናስተምረው? ስንት ገጽ ሊሆን ነው? ማንስ ያነበዋል?

የአብዬን ወደ እምዬ

የኛ አገር ልማድ ግን መመሪያ መጻፍ ነው። ‹‹ትክክለኛውን ፊደል መጠቀምዎን ያረጋግጡ››፣ ‹‹ስሙን በመዝገቡ ላይ እንዳለ ያስገቡ››፣ ‹‹ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ይሙሉ››። ሁሉም ትእዛዝ ወደ ፈላጊው ነው። ሳጥኗ ማወቅ ያለባትን ሁሉ ሰውየው እንዲያውቅላት ይጠየቃል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

በጣም የሚያስቀው ‹‹በመዝገቡ ላይ እንዳለ›› የሚለው ነው። ወገን፣ መዝገቡ ላይ እንዴት እንዳለ ብናውቅ ለምን እንፈልጋለን?

ይህ ሸክም ማንን እንደሚጎዳ ለማወቅ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዞ መውጣት በቂ ነው። ከትምህርት ቤትና ከመናኸሪያ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ሱቆች ተመልከቱ። ‹‹ውጤት እናያለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ ፎቶ ኮፒ›› የሚል ተጽፎባቸዋል። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ምን እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ? የአጠቃቀም መመሪያ ነው የሚሸጠው። የቱ ገጽ በየትኛው አጻጻፍ እንደሚከፈት፣ የቱ ጋ ቀን ሲሞላ ስምንት ዓመት መደመር እንዳለበት፣ የአባት ስም ‹‹የቤተሰብ ስም›› በሚለው ቦታ እንደሚገባ በልምድ አውቋል። ልጁን አንወቅስም፤ ሠርቶ እየበላ ነው። የምንወቅሰው ነፃ ነው የተባለውን አገልግሎት ያለ እሱ የማይሠራ ያደረጉትን ነው። መመሪያው ሰው ሆኖ ሱቅ ከፍቷል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ከጌዶ ገጠር ውጤቷን ለማየት የመጣችው ተማሪ ናት።

ይህች ተማሪ ደግሞ ሰነፍ አይደለችም። የ12ኛ ክፍል መለያ ቁጥሯን ስጧት፤ አንድም ሰው ሳያስተምራት ትጽፋለች፣ ውጤቷ ይመጣል። ቁጥር አንድ አጻጻፍ ብቻ ስላለው ሳጥኗ አትሳሳትም፣ ልጅቷም አትሳሳትም። ችግሩ የሚጀምረው ገጹ ከቁጥሩ ጋር ስም ሲጠይቅና የስሙ የላቲን አጻጻፍ ከመዝገቡ ጋር በአንድ ፊደል ሲለያይ ነው። ሰውየዋ ያቺው ናት፤ የተቀየረው ሳጥኑ ነው። ስለዚህ ‹‹ሕዝባችን ቴክኖሎጂ አያውቅም›› የምትሉ፣ እባካችሁ ቀስ በሉ።

እኛ ጋዜጠኝነት ተምረናል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበናል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ከግንጪ እንደገና ተነሣ። የሞቱት ሰዎች ስም በአማርኛ ተጽፏል፣ በቁቤ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛም ተጽፏል። ነገ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ወይም የሟች ታናሽ እህት ያን ስም ስትፈልግ፣ ሦስቱን አጻጻፍ አንድ ማድረግ የማይችል ፍለጋ አንዱን ሰው ሦስት ያደርገዋል። ወይም ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያሳያትና ሌላውን ይደብቃታል። ወይም ጭራሽ ‹‹የለም›› ይላታል። ሰው ሞቶ ስሙም ‹‹አልተገኘም›› ሲባል ይህ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ነው?

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃን የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ድረ ገጽ ላይ የተጫነ ሰነድ ተፈልጎ ካልተገኘ ካልተጫነ በምን ይለያል? ብዙ የቆዩ ሰነዶች ወረቀቱ ፎቶ ተነሥቶ ብቻ ነው የተቀመጡት፤ ውስጣቸው ፊደል የለም፣ ሥዕል ነው። ሌሎቹ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ናቸው፤ ለዓይናችን ግዕዝ ይመስላሉ፣ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ናቸው። እነዚህን ምንም ዓይነት ቃል ብትጽፉ ፍለጋው አያያቸውም። እና ሳጥኗ ‹‹ይህን ክፍል መፈለግ አልችልም›› ትላለች? አትልም። ‹‹የለም›› ነው የምትለው። ‹‹አላየሁም›› እና ‹‹የለም›› በማንም ቋንቋ አንድ አይደሉም። ምስክር ፍርድ ቤት ቀርቦ ያላየውን ‹‹አልነበረም›› ቢል ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

የሚሉንና የምንላቸው

መቼም ተቃዋሚ አይጠፋምና መልሳቸውን ከአሁኑ እናዘጋጅ።

አንደኞቹ የፊደል ጠባቂዎች ናቸው። ‹‹ፊደል ትርጉም አለው፤ ወጣቱ በትክክል መጻፍ ይማር እንጂ ማሽኑ ስሕተቱን አይሸፍንለት›› ይላሉ። ‹‹ሠረቀ›› ፀሐይ ወጣች ነው፣ ‹‹ሰረቀ›› ሌብነት ነው። ‹‹ድኅነት›› መዳን ነው፣ ‹‹ድህነት›› ማጣት ነው። እውነት ነው፣ እናከብራለን። ነገር ግን ፍለጋና ኅትመት ሁለት ናቸው። መጽሐፉ ላይ ፊደሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ አንድም አይነካ። ፍለጋው ግን ሁሉንም ያምጣና በትክክል የገጠመውን ከላይ፣ የተቀራረበውን ከሥር ይደርድር። እንዲያውም በስሕተት ጽፎ የፈለገ ልጅ ትክክለኛውን አጻጻፍ የሚማረው ትክክለኛው ጽሑፍ ሲመጣለት ነው። ‹‹ምንም አልተገኘም›› ከሚል ነጭ ገጽ ማን ፊደል ተምሮ ያውቃል?

ሁለተኞቹ የሥልጠና ወዳጆች ናቸው። ‹‹መፍትሔው ዲጂታል ዕውቀት ነው፤ ዜጋው ይሠልጥን›› ይላሉ። ሥልጠና አንጠላም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ሲጀምር ከተመዘገቡት መሐል ጓደኞቻችን አሉ። ግን ስሌቱን እንሥራ። የ‹‹ሐ››፣ የ‹‹ኀ››፣ የ‹‹ሠ››፣ የ‹‹ዐ›› እና የ‹‹ፀ›› ቤቶች እያንዳንዳቸው ሰባት ፊደል አላቸው፤ 35። ‹‹ሃ››ን ከ‹‹ሀ››፣ ‹‹ኣ››ን ከ‹‹አ›› ስናዛምድ 37። ባለ 37 መስመር ሠንጠረዥ! ከአምስት ሚሊዮኑ አንዱ ኮደር ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ይጽፈዋል። አንድ ሰው ግማሽ ቀን ሠርቶ የሚያቃልለውን ነገር ሚሊዮኖች ዕድሜያቸውን ሙሉ በልምድ እንዲሸከሙት ማድረግ ሥልጠና አይባልም።

ሦስተኞቹ ‹‹በጀት የለም›› የሚሉት ናቸው። ለእነሱ መልሱ ከላይ ያለው 37 ነው። የቃል ቅጥያውን መለየት፣ የድሮ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መመለስ፣ ቁቤንና ግዕዝን ማገናኘት ገንዘብና ጊዜ እንደሚጠይቁ እናውቃለን። የሚከብደውን እንደ ምክንያት ይዞ ቀላሉንም አለመሥራት ግን በጀት ሳይሆን ግድ ማጣት ነው።

አራተኞቹ አዋቂዎቹ ናቸው፤ እነሱን በአክብሮት እንሰማለን። ‹‹የሕግ ባለሙያ፣ ተመራማሪና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሚጠቀሙበት ጥልቅ ፍለጋ መመሪያ ያስፈልገዋል›› ይላሉ። ልክ ናቸው። በዓመተ ምሕረት፣ በአዋጅ ቁጥርና በጸሐፊ አጣርቶ ለሚፈልግ ሰው የእርዳታ ገጽ ይኑር። ጉግልም ለጥልቅ ፍለጋ የተለየ ገጽ አለው። ነገር ግን ጥልቁ የሚመጣው ተራው ከሠራ በኋላ ነው። ‹‹አምቦ›› ብሎ የጻፈ ሰው አምቦን ካላገኘ፣ ስለ ጥልቅ ፍለጋ የተጻፈ ስምንት ገጽ መመሪያ መሠረት ለሌለው ቤት የተሰቀለ መጋረጃ ነው።

መመሪያ ሁሉ ክፉ ነው አላልንም። ከ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አገልግሎት የሰጠው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ጥሩ ምሳሌ ነው። ገበሬው ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ‹‹ይህን ለመስማት አንድ ቁጥርን ይጫኑ›› እየተባለ ይሄዳል። ይህም መመሪያ ነው። ልዩነቱ መመሪያው የሚመጣው በራሱ ቋንቋ፣ አንድ በአንድና በሚያስፈልገው ሰዓት መሆኑ ነው። አስቀድሞ የሚነበብ ወረቀት የለም፤ አገልግሎቱ ራሱ እጁን ይዞ ይመራዋል። ሳጥን ውስጥ በግራጫ ቀለም ‹‹ምሳሌ፦ የጉደር ወንዝ›› ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይቆጣም።

የመጨረሻዎቹ ዘመነኞቹ ናቸው። ‹‹ፍለጋ እኮ አለቀለት፤ አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እንደ ሰው ነው የምትጠይቀው›› ይላሉ። ደስ ይላል። ታዲያ በየማኅበራዊ ገጹ ‹‹የፕሮምፕት አጻጻፍ ሥልጠና›› እየተባለ የሚሸጠው ምንድን ነው? ያው የድሮው መመሪያ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ! ማሽኑ በእውነት እንደ ሰው የሚገባው ከሆነ ሰው እንደ ሰው ይጠይቀው። እንዴት መጠየቅ እንዳለብን ተከፍሎበት የሚያስተምረን ካስፈለገ፣ ያም ገና በግማሽ የተሠራ በር ነው።

ሦስት ቃል ያዙ

እንግዲህ ከማማረር ወደ ሥራ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ የምትጠቀሙበትን ድረ ገጽ በሦስት ቃል ፈትኑት፤ የዩኒቨርሲቲያችሁን፣ የመሥሪያ ቤታችሁን፣ የምታነቡትን ጋዜጣ፣ ራሳችሁ የሠራችሁትንም።

መጀመሪያ ‹‹ፀጋየ ገብረመድህን›› ብላችሁ ጻፉ፤ ‹‹ጸጋዬ ገብረ መድኅን››ን ማምጣት አለበት። ቀጥሎ ‹‹አምቦ›› ብላችሁ ጻፉ፤ ‹‹የአምቦ›› እና ‹‹ከአምቦ›› የሚሉት መምጣት አለባቸው፣ በቁቤ የተጻፈውም ቢመጣ እሰየው ነው። ሦስተኛ ‹‹ሃገረ ህይወት›› ብላችሁ ጻፉ፤ ‹‹ሀገረ ሕይወት››ን አምጥቶ ‹‹ይህች ከተማ ዛሬ አምቦ ናት›› ካላችሁ ሠሪውን አመስግኑልን፣ እኛም ስሙን እዚህ እናነሣዋለን።

ገጹ ከወደቀ ዝም አትበሉ። ለሠሪው ጻፉለት። ‹‹አጠቃቀሙን አላወቅንበትም›› ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ፤ ጥፋቱ የናንተ አይደለምና ይቅርታ አትጠይቁ። ‹‹ሳጥንህ አልሠራችም፤ 37 መስመር ይጎድላታል›› በሉት። የድረ ገጽ ሥራ የምትማሩ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትመርጡ ይህን አስቡት። አምሳኛውን የሆቴል አልጋ ማስያዣ ከመሥራት አንድ ግንጪን በአራቱም አጻጻፍ የሚያገኝ ፍለጋ ብትሠሩ አገር ትጠቅማላችሁ።

እኛ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። ሰው ስሙን በሚጠራበትና በሚጽፍበት መንገድ ሲፈልግ እንዲያገኝ ነው። ፊደላችንን ሀ ብለን ትምህርት ቤት ቆጥረን ጨርሰናል፤ አሁን ተራው የማሽኑ ነው። እሱም ሀ ብሎ ይጀምር። የትኛውን ‹‹ሀ›› ቢመርጥ ግድ የለንም።